የጽሑፍ ዋስ ማነው?

አንድ ጽሑፍ እጃችን ሲገባ ዐይናችን አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ጸሐፊው ስም ነው። ስሙን የምናውቀው እንደ ሆነ ልባችን ያርፋል፤ የማናውቀው እንደ ሆነ ደግሞ የት እንደ ተማረና ምን ሥራ እንደሚሠራ የሚነግረን ሁለት ሦስት መስመር እንፈልጋለን፤ ፎቶግራፉም ከጎኑ ከተገኘ ጥርጣሬያችን ይበልጥ ይቀንሳል። ይህ ልማድ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ማተሚያ ቤት ያለ ገንዘብ በማያትምበት፣ አዘጋጅም ሳይመረምር በማይቀበልበት ጊዜ፣ በሌለ ሰው ስም ጽሑፍ ማውጣት ብዙ ድካም የሚጠይቅ ነገር ነበር። ዛሬ ግን አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚባለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስሙንም፣ ፊቱንም፣ የሕይወት ታሪኩንም፣ ጽሑፉንም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አሰናድቶ ያቀርባል። ስለዚህ በኢንተርኔት የሚወጣ ጽሑፍ ደራሲ በምን ይታመናል የሚለውን ጥያቄ እንደገና ማንሣት አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን።

ነገሩን በምሳሌ ብንጀምረው ይሻላል። ስፖርትስ ኢለስትሬትድ በ1954 በአሜሪካ የተመሠረተ፣ በስፖርት ጽሑፍ ስሙ የተከበረ መጽሔት ነው። በኖቬምበር 2023 ፊውቸሪዝም የተባለ የዜና ድረ ገጽ እንደ ገለጠው፣ በዚህ መጽሔት ድረ ገጽ ላይ ድሩ ኦርቲዝ የሚባል ጸሐፊ ስለ ስፖርት ዕቃዎች ይጽፍ ነበር። ፎቶግራፉ አለ፤ ከቤት ውጭ በሜዳና በዱር መዋልን የሚወድ ሰው መሆኑን የሚናገር አጭር የሕይወት ታሪክም አለ። ሰውየው ግን የለም። ፊቱ በኮምፒዩተር የተፈጠሩ ፊቶች ከሚሸጡበት ድረ ገጽ የተገኘ ነበር። ነገሩ በተገለጠ ጊዜ ጽሑፎቹ ተነሡ፤ መጽሔቱን ያስተዳድር የነበረው አሬና ግሩፕም ጽሑፎቹን ያቀረበለት አድቮን ኮሜርስ የተባለ ድርጅት መሆኑን፣ ያም ድርጅት ጽሑፎቹን የጻፉት ሰዎች ናቸው፣ ስሞቹ ግን የብዕር ስሞች ናቸው ማለቱን አስታወቀ።

ብዙ ሰው የተከራከረው ጽሑፉን መኪና ጻፈው ወይስ ሰው በሚለው ላይ ነው። በእኛ አስተያየት ግን ዋናው ነገር ይህ አይደለም። ድርጅቱ እንዳለው ሰዎች ጽፈውት ይሆናል። እንዲህም ቢሆን፣ ያ ጽሑፍ ያመሰገነውን ኳስ ገዝቶ የተታለለ አንባቢ ማንን ይጠይቅ? ኦርቲዝ የለም፤ ጻፉት የተባሉት ሰዎች አይታወቁም፤ መጽሔቱ ወደ አቅራቢው ይጠቁማል፤ አቅራቢው ወደ ብዕር ስም ይጠቁማል። የብዕር ስም በራሱ ነውር እንዳልሆነ በአገራችንም በውጭም የታወቀ ነው። ነገር ግን የብዕር ስም የሚይዝ ሰው ከስሙ በስተጀርባ አዘጋጁ የሚያውቀው አካል አለው። እዚህ ላይ ከስሙ በስተጀርባ የተገኘው ሌላ ስም ብቻ ነበር።

ታማኝነትን ስለ መገንባት የሚሰጠውን ምክር የተመለከተ ሰው፣ አብዛኛው ምክር ለኦርቲዝ እንደ ተሰፋ ልብስ የሚስማማ መሆኑን ያያል። ስምህን በግልጽ ጻፍ፤ ፎቶግራፍህን አኑር፤ ልምድህን በአጭሩ ተናገር፤ ብዙ ጊዜ ጻፍ ይላል። የዚህ ምክር ምንጭ ሆኖ የሚጠቀሰው ጉግል የድረ ገጾችን ጥራት ለሚመዝኑለት ሰዎች ያዘጋጀው ከ150 ገጽ በላይ የሆነ መመሪያ ነው። መመሪያው ሙያዊ ዕውቀትን፣ ተሰሚነትንና ታማኝነትን መለኪያ አድርጎ ሲናገር ቆይቶ፣ በዲሴምበር 2022 ልምድን በአራተኛነት ጨመረ፤ ይኸውም ጸሐፊው የሚጽፈውን ነገር በራሱ ሠርቶት ወይም ደርሶበት እንደ ሆነ መመርመር ማለት ነው። ከአራቱም ዋናው ታማኝነት መሆኑን መመሪያው ራሱ ይናገራል። መዛኙም ጸሐፊው ስለ ራሱ የሚለውን ብቻ ሳይሆን ከእርሱ ጋር ጥቅም የሌላቸው ሌሎች ሰዎች ስለ እርሱ የሚሉትን እንዲፈልግ ያዛል። ይህ ትክክለኛ አሳብ ነው። የምንነቅፈው መመሪያውን ሳይሆን፣ ከመመሪያው ውስጥ በቀላሉ የሚቀዳውን ብቻ መርጠው ለጸሐፊዎች እንደ መድኃኒት የሚሸጡትን አማካሪዎች ነው። ሌሎች ስለ አንተ የሚሉትን ለማግኘት ዓመታት ያስፈልጋሉ፤ ፎቶግራፍ ለመለጠፍ ግን አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ምክሩም ወደ ቀላሉ ያዘነበለው ስለዚህ ይመስለናል።

ስምና ፎቶግራፍ ካልበቁ ታዲያ የአጻጻፉ ጠባይ ይመስክር የሚሉ አሉ። መኪና የጻፈው ይታወቃል፤ ሽታው ሌላ ነው ይላሉ። ይህን እናውቃለን የሚሉ የኮምፒዩተር መመርመሪያዎችም ተሠርተው ወጥተዋል። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ በጃንዩዌሪ 2023 አንድ መመርመሪያ አውጥቶ ነበር። በራሱ ፈተና መኪና ከጻፈው ውስጥ በትክክል ያወቀው 26 በመቶውን ብቻ ነበር፤ በዚያው ዓመት በጁላይ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ ራሱ አነሣው። ከዚህ ይልቅ እኛን የሚነካን ግን በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ነው። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ያልሆነ ተማሪዎች ቶፍል ለሚባለው ፈተና የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች ለሰባት መመርመሪያዎች ሰጡ። መመርመሪያዎቹ በአማካይ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑትን መኪና ጽፏቸዋል ብለው ፈረዱ። የአሜሪካ ልጆች የጻፏቸውን ግን ሁሉን ለማለት በሚቻል ሁኔታ በትክክል አወቁ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በሁለተኛ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው የቃላቱ ብዛት ጥቂት፣ የዐረፍተ ነገሩም አካሄድ የታወቀ ስለሚሆን፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል በመገመት ለሚፈርደው መመርመሪያ የመኪና ሥራ ይመስለዋል።

እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት እንግሊዝኛን የተማርነው በአጭር ዐረፍተ ነገር፣ በቀጥተኛ ቃል፣ ስሕተት እንዳይገኝብን በፍርሃት ነበር። መምህሮቻችን ያመሰግኑን የነበረው ዐረፍተ ነገራችን የታረመና ያልተንዛዛ በሆነ ቍጥር ነው። ዛሬ ያ ምስጋና ያገኘንበት አጻጻፍ በመመርመሪያው ፊት መከሰሻችን ሆነ ማለት ነው። እንግዲህ አጻጻፍ ምስክር ይሁን የሚል ሰው በማን ላይ እየመሰከረ እንደ ሆነ ቢያስብበት መልካም ነው።

ነገር ግን ንጹሓን ነን ብለን ለመናገር አንደፍርም። ባለፈው ዓመት ለሴሚናር አንድ ጽሑፍ ስናዘጋጅ፣ ስለ ጉዳዩ የተጻፉ መጻሕፍትን እንዲዘረዝርልን ከእነዚህ የኮምፒዩተር ረዳቶች አንዱን ጠየቅን። አምስት አርእስት ሰጠን፤ ደራሲያቸውን፣ የታተሙበትን ከተማና ዓመት ጨምሮ። ሦስቱን አገኘናቸው። ሁለቱን ሳንፈልጋቸው እንዲሁ ጻፍናቸው፤ ጊዜ አጠረን ለማለት እንችል ነበር፣ እውነቱ ግን የሁለቱ አርእስት በጣም የሚያምር ስለ ነበር አለመኖሩን ለመጠርጠር ልባችን አልፈቀደም። መምህራችን ጽሑፉን አንብበው ከጨረሱ በኋላ የጠየቁን አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «ይህን መጽሐፍ ከየትኛው መደርደሪያ አወጣችሁት?» አሉን። ያን ጊዜ የተሰማንን እዚህ ላይ መዘርዘር አያስፈልግም። ከስብሰባው በኋላ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ በትዕግሥት አብረውን ፈለጉ፤ ሁለቱ መጻሕፍት በዓለም ላይ የሉም።

የዚያ ሴሚናር ጽሑፍ ርእስ «ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ» ነበርና፣ ያፈርንበት ነገርና ያጠናነው ነገር አንድ ሆነው አገኘናቸው፤ የሐተታው ክርክር ራሱ የደራሲ ታማኝነት ክርክር ነውና። መጽሐፉ ስለ ራሱ እንደሚናገረው ደራሲው በ1599 በአክሱም አካባቢ ከድኻ ገበሬ ቤተ ሰብ የተወለደ፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ጠብ ምክንያት ሸሽቶ በዋሻ የተቀመጠ፣ በኋላም በእንፍራዝ ኑሮውን የመሠረተ፣ አሳቡን በ1667 የጻፈ ሊቅ ነው። መጽሐፉን ለውጭ ሰዎች ያሳወቀው ግን በ19ኛው መቶ ዓመት በአገራችን የነበረው የካፑቺን ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው። እርሱም በ1850ዎቹ ለፈረንሳዊው ሊቅ ለአንቷን ዳባዲ ላከው፤ አሁን በፓሪስ በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት የሚገኙት ሁለቱ የብራናና የወረቀት ቅጂዎች በእርሱ እጅ ያለፉ ናቸው፤ አንደኛውም የራሱ የእጅ ጽሑፍ ነው። ከእርሱ ዘመን በፊት የተጻፈ ሌላ ቅጂ አልተገኘም።

በ1920 ኢጣሊያዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ መጽሐፉ የዘርዐ ያዕቆብ ሳይሆን የአባ ጁስቶ ድርሰት ነው ብሎ ጻፈ። ካቀረባቸው ነገሮች መካከል መጽሐፉን ሚሲዮናዊው እንደ ጻፈው የሰማ የአንድ ኢትዮጵያዊ ካህን ምስክርነት ይገኝበታል። በ1934 ጀርመናዊው ኦይገን ሚትቮኽ ደገፈው። ክርክሩ ያለቀ መስሎ ከቆየ በኋላ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና መምህር የነበሩት ካናዳዊው ክሎድ ሰምነር በ1970ዎቹ ባሳተሟቸው የኢትዮጵያ ፍልስፍና መጻሕፍት አሳቡንና አጻጻፉን መርምረው ደራሲው ኢትዮጵያዊ ነው አሉ። በ2013 ደግሞ ፈረንሳዊቷ የታሪክ ተመራማሪ አናይስ ቪዮን የሚሲዮናዊውን ደብዳቤዎችና ቅጂዎቹን መርምራ ወደ ኮንቲ ሮሲኒ አሳብ ተመለሰች። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ደግሞ ቀድሞ ይጠራጠሩት የነበረውን መጽሐፍ በኋለኛው ዕድሜያቸው በመሠረቱ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ወደ ማለት አዘነበሉ።

በዚህ መቶ ዓመት ክርክር ውስጥ ሁለት ዓይነት ማስረጃ እንደ ተሠራበት እናያለን። አንደኛው ከጽሑፉ መልክ የሚነሣ ነው። ፈረንጅ እንዲህ ያለ ግእዝ ሊጽፍ አይችልም የሚሉ አሉ፤ በ17ኛው መቶ ዓመት የነበረ ሐበሻ እንዲህ ሊያስብ አይችልም የሚል ስሜትም በወዲያኛው ወገን አልጠፋም። የኋለኛው ስድብ ነው፤ የፊተኛውም ቢሆን ከኩራት የራቀ አይደለም። በሁለቱም ወገን ጽሑፉ የሚነበበው አንባቢው በሚመኘው ደራሲ መነጽር ነው። ዛሬ መመርመሪያ መኪና ፊት ድርሰታችንን ስናቀርብ የሚደርስብን ፍርድ ከዚህ ጋር ዘመድ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው እንዲህ ሊጽፍ አይችልም የሚል ፍርድ ነውና። ሁለተኛው ማስረጃ ደብዳቤው፣ የእጅ ጽሑፉ፣ መጽሐፉ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደ ተላለፈ የሚያሳየው መንገድ ነው። ክርክሩን በእውነት ወደፊት የገፋው ይህ ይመስለናል። የሐተታውን አሳብ እንወደዋለን፤ የእኛ ሰው ጽፎት ቢሆን ደስ ይለናል፤ ደስታችን ግን ማስረጃ አይደለም። መጽሐፉ ስለ ደራሲው ሕይወት አሳምሮ መተረኩም ማስረጃ አይደለም፤ ኦርቲዝም የሕይወት ታሪክ ነበረው።

የአገራችን የሙግት ልማድ ለዚህ ነገር ጥሩ ቃል አለው፤ ዋስ ይባላል። ተሟጋች «ዋስ ጥራ» ሲባል የሚፈለገው መልከ መልካም ወይም ንግግር ዐዋቂ አይደለም። በተፈለገ ጊዜ የሚገኝና ቃሉ ቢፈርስ የሚያጣው ነገር ያለው ሰው ነው። በጽሑፍ ላይ የሚቀመጥ ስምም ሥራው ይኸው ነው ብለን እናምናለን። ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት በጃንዩዌሪ 2023 እነዚህን የኮምፒዩተር መሣሪያዎች በደራሲነት አልቀበልም ያለው ጽሑፋቸው መጥፎ ስለ ሆነ ሳይሆን ኀላፊነት ሊወስዱ ስለማይችሉ ነው። ዋስ መሆን አይችሉም ማለት ነው።

የቅኔ ቤትን ደጅ አልረገጥንም፤ ነገር ግን ከዘመዶቻችን እንደ ሰማነው ተማሪው የዘረፈውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ቆሞ ይናገራል፤ መምህሩም ሰሙንና ወርቁን ይጠይቁታል፤ የተበላሸውን ያርሙለታል። (ቅኔ መድረስ «መዝረፍ» መባሉ፣ የሌላውን ቅኔ መውሰድ ግን ትልቅ ነውር መሆኑ ሁልጊዜ ያስቀናል።) ቅኔው የማን እንደ ሆነ የሚታወቀው በስሙ ላይ በተጻፈው ነገር ሳይሆን ሲጠየቅ በሚሰጠው መልስ ነው። በዚህ አንጻር ስም ብቻውን ሲሄድ ምን እንደሚሆን ለማየት አለቃ ገብረ ሐናን ማሰብ ይበቃል፤ ማን እንደ ተናገረው ያልታወቀ ብልህ ቀልድ ሁሉ ወደ እርሳቸው ይሄዳል፤ እርሳቸው ግን ተነሥተው «ይህን አላልሁም» ሊሉ አይችሉም።

ስለዚህ ደራሲ ታማኝነቱን መገንባት ቢፈልግ፣ ጌጡን ትቶ መጠየቂያውን መንገድ ቢያቀና ይሻላል። ያወቀውን ከየት እንዳወቀው፣ የቱን በዐይኑ እንዳየ፣ የቱን ከመጽሐፍ እንዳገኘ፣ የቱንም በመኪና እርዳታ እንዳዘጋጀ ቢናገር፤ ማስታወሻውንም ቢጠብቅ። ከሁሉ በላይ ግን የተሳሳተውን በግልጽ ቢያርም። በዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። ሲኔት የተባለው የአሜሪካ ድረ ገጽ ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ ስለ ገንዘብ አያያዝ በመኪና ያስጻፋቸውን 77 ጽሑፎች በሠራተኞች የጋራ ስም አወጣ። በአንዱ ጽሑፍ 10,000 ዶላር በዓመት 3 በመቶ ወለድ ቢቀመጥ በዓመቱ መጨረሻ 10,300 ዶላር ያስገኛል ተብሎ ነበር፤ ትርፉ 300 ዶላር ብቻ መሆኑን ማንኛውም የነጋዴ ልጅ ያውቃል። ነገሩ በ2023 መጀመሪያ ከተገለጠ በኋላ 41ዱ ጽሑፎች እርማት ተጻፈባቸው፤ ዋና አዘጋጅዋም በአደባባይ ማብራሪያ ሰጠች። ጥፋቱ ከባድ ነው፤ ነገር ግን ከኦርቲዝ ጉዳይ ጋር ስናወዳድረው ልዩነት አለው። እዚህ ላይ የሚጠየቅ ሰው ተገኘ፤ እርማቱም ከጽሑፉ ጋር ቀረ። እዚያ ግን ገጹ ተነቅሎ ጠፋ። እርማት ያለበት ጽሑፍ የሚያሳፍር መስሎ የሚታያቸው ሰዎች አሉ፤ እኛ ግን አንድም እርማት የሌለበትን ጸሐፊ ይበልጥ እንጠራጠራለን።

በዚህ አሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የመጀመሪያው፣ ስሙን ቢገልጥ የሚጎዳ ጸሐፊስ ምን ያድርግ የሚለው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በእውነት አለ፤ ዝም ይበልም ልንለው አንችልም። ያን ጊዜ ዋስነቱ ወደ አሳታሚው ይዞራል፤ አሳታሚው ሰውየውን እንደሚያውቀው፣ ማስረጃውንም እንዳየው በራሱ ስም ቆሞ ሊናገር ይገባዋል። የግእዝ መጻሕፍት ብዙዎቹ የደራሲ ስም የላቸውም፤ ነገር ግን ጸሐፊው፣ ያስጻፈውና የመጽሐፉ ባለቤት በመጨረሻው ገጽ ላይ ሲጠቀሱ እናገኛለን። መጽሐፉ ያለ ደራሲ ስም ቢኖርም ያለ ባለቤት የቀረበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ለእኛ ይበልጥ ከባድ ነው። ዋስነት ለታወቁት የሚያደላ አይደለምን? ገና ሃያ ሁለት ዓመት የሆነው፣ ምንም ያላሳተመ ተማሪ ምን የሚያጣው ስም አለው? በዚህ ላይ ብዙ ተከራክረናል። ስምና ማዕርግ መለኪያ ቢሆኑ እኛ በእርግጥ ተሸናፊዎች ነን፤ ፎቶግራፍና የሕይወት ታሪክ መለኪያ ቢሆኑ ደግሞ መኪናው ያሸንፈናል። ማስታወሻን ገልጦ ማሳየት ግን ዝና አይጠይቅም፤ ጉልበት ብቻ ነው የሚጠይቀው። መምህራችን ስለ መደርደሪያው በጠየቁን ጊዜ የታወቀ ስም ቢኖረን ኖሮ ምናልባት አይጠይቁንም ነበር፤ ያ ደግሞ ለእኛ ጉዳት እንጂ ጥቅም ባልሆነም ነበር። ይህን ስንል ግን መምህራን ሁሉ ለመጠየቅ ጊዜ አላቸው ማለታችን አይደለም። መቶ ድርሰት በአንድ ሳምንት የሚያርም መምህር ወደ መመርመሪያው መኪና ቢሄድ የሚገርም አይደለም፤ የመቶኛው ተማሪ ነገር ግን በዚያው ይበላሻል። ከድርሰቱ ጋር አንድ ሰዓት ሳይሆን ዐሥር ደቂቃ የቃል ጥያቄ ቢጨመር፣ ዐሥሩ ደቂቃ ከየት እንደሚመጣ የትምህርት ክፍሎች ይምከሩበት።

የሐተታውን ጽሑፍ እንደገና ጽፈን አቅርበናል። ሁለቱን የሌሉ መጻሕፍት አስወጥተን፣ በቦታቸው ምን ተጽፎ እንደ ነበረና ለምን እንደ ወጣ በግርጌ አመልክተናል፤ መምህራችን ይህ አስፈላጊ አይደለም ቢሉንም እንዲቀር አልፈለግንም። የንባብ ማስታወሻዎቻችንና የመጀመሪያው ረቂቅ፣ መምህራችን በቀይ እስክሪብቶ ካሠመሩባቸው መስመሮች ጋር፣ በዚህ መጽሔት ጸሐፊ ዘንድ በካርቶን ተቀምጠዋል፤ ሊያያቸው የሚፈልግ በሥራ ቀን ከቀትር በኋላ መጥቶ ሊጠይቅ ይችላል።